በየትኛው ወገን እንሂድ?

ሰው በመንገድ ሲሄድ ቀኙን ቢይዝ ወይም ግራውን ቢይዝ በእግዚአብሔር ፊት ልዩነት አለውን? ይህን ጥያቄ በዚህ መጽሔት ላይ የሚያገኝ አንባቢ፥ «ይህስ የፖሊስ ጉዳይ እንጂ የወንጌል ሰባኪ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ያስብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለ ጽድቅና ስለ ኃጢአት ይቅርታ የሚናገር ሁሉ ስለ እግረኛ መንገድ መናገር አይገደድም። ዳሩ ግን ክርስቲያን ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጸሎት ቤት እስኪገባ ድረስ በመንገድ ላይ ነው፤ በመንገድም ላይ ስማቸውን የማያውቃቸውን ብዙ ባልንጀሮች ያገኛል። ባልንጀራን ስለ መውደድ የተሰጠው ትእዛዝ ስማቸውን ለምናውቃቸው ብቻ የተሰጠ ካልሆነ፥ ይህ ጥያቄ ከእኛ ዘንድ መልስ ይፈልጋል።

ነገሩን በግልጥ ለማየት ወደ ዑጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ በሐሳብ መሄድ ይጠቅማል። ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በሩባጋ ኮረብታ የካቶሊካውያን ካቴድራል፥ በናሚሬምቤ ኮረብታ የአንግሊካውያን ካቴድራል፥ በኪቡሊና በአሮጌው ካምፓላ ኮረብቶች ላይ ደግሞ ታላላቅ መስጊዶች ይታያሉ። በመንጎ የቡጋንዳ ንጉሥ የካባካው ቤተ መንግሥት አለ። በኮረብቶቹ አናት እያንዳንዱ ለየራሱ ይጸልያል፤ የሚገናኘው ግን በታች ነው፤ አሮጌው የታክሲ መናኸሪያና የኦዊኖ ገበያ ባሉበት በዝቅተኛው ስፍራ ካቶሊኩም፥ አንግሊካኑም፥ እስላሙም ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ያልፋል። በዚያ ስፍራ ማንም ማንንም «ሃይማኖትህ ምንድር ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚፈልገው መተላለፊያ ነው።

ከአገራችን ወደዚያ የሄደ ሰው አስቀድሞ የሚያታልለው ዓይኑ ነው። እኛ መንገድ ስንሻገር መጀመሪያ ወደ ግራ መመልከት ለምደናል፤ በቅርብ ያለው መኪና ከዚያ ይመጣልና። በካምፓላ ግን ተሽከርካሪ ሁሉ ግራውን ይዞ ስለሚሄድ፥ በቅርብ ያለው መኪና ከቀኝ ይመጣል። እንግዳው ወደ ግራ ተመልክቶ፥ መንገዱ ባዶ እንደ ሆነ አምኖ አንድ እግሩን ሲያነሣ፥ ሞት በሌላው ጎኑ ቆሞ ይጠብቀዋል። ታክሲ ሊሳፈር ቢሄድም በሩን በቀኝ በኩል ይፈልጋል፤ በሩ ግን በግራ ነው። ይህኛው የሚያስቅ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አያስቅም። የአገራችንን ምግብ የሚሸጡ ቤቶች ባሉበት በካባላጋላ ሰፈር ለደረሰ አዲስ ስደተኛ፥ ከእንጀራው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ቃል ቢኖር፥ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ የሚለው ነው።

ዑጋንዳውያን ግራውን የያዙት ግራው የተሻለ ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም። አገሪቱ በ1894 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆነች፤ እንግሊዞችም የአገራቸውን ልማድ ይዘው መጡ። ጥቅምት 9 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ስትቀበል ባንዲራው ተለወጠ፥ የመንገዱ ወገን ግን እንደ ነበረ ቀረ። ጎረቤታችን ኬንያም እንዲሁ ናት፤ ስለዚህ በሞያሌ ድንበር የሚሻገር ሾፌር ጥቂት ሜትር ሲጓዝ ከቀኝ ወደ ግራ መዛወር አለበት። አንድ ሰው፥ አንድ መኪና፥ አንድ ቀን ነው፤ ከኬላው ወዲህ ትክክል የነበረው ከኬላው ወዲያ ነፍስ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

እኛም ብንሆን ሁልጊዜ በቀኝ አልሄድንም። በአገራችን ተሽከርካሪዎች ግራቸውን ይዘው ሲሄዱ ቆይተው ወደ ቀኝ የተዛወሩት ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ወንጌልን ለአባቶቻችን ካመጡት መልእክተኞች ብዙዎቹ የወጡባት ስዊድንም ከሦስት ዓመት በኋላ ይህንኑ አደረገች። የስዊድን ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በድምፅ ተጠይቆ ከመቶው 83 ያህሉ በግራ መሄዱ ይቅርልን ብሎ ነበር። መንግሥትና ምክር ቤቱ ግን ከጎረቤት አገሮች ጋር መስማማትን መርጠው ለውጡን አዘዙ፤ መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ.፥ በእሑድ ቀን፥ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት አገሪቱ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረች። እንግዲህ በዚያች እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ መኪናውን ያስነሣውን አንድ ምእመን እናስብ። እርሱ «በግራ ይቅር» ካሉት ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንበል። ትናንት በግራ መሄዱ መልካም ዜጋ ያሰኘው ነበር፤ ሐሳቡንም አልለወጠም። ነገር ግን ዛሬ «እውነቱ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ በግራ ቢነዳ ምን ይሆናል? ወደዚህ ምእመን ኋላ እንመለሳለን።

የቅዱሳት መጻሕፍት አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፦ በመጨረሻው ፍርድ በጎቹ በቀኝ ፍየሎቹም በግራ የሚቆሙ አይደሉምን? ከሞት የተነሣው ጌታስ በአብ ቀኝ የተቀመጠ አይደለምን? እንዴት ቀኝና ግራ እኩል ይሆናሉ? ቋንቋችንም ቢሆን ከጠያቂው ጋር የተስማማ ይመስላል። ጧት ስንነሣ በቀኝ እንዲያውለን እንለምናለን፤ ያለ ምክንያት የሚቆጣውን ሰው በግራ ጎኑ ተነሥቷል እንለዋለን፤ መላ የጠፋበትም ሰው ግራ ገባኝ ይላል። በቡጋንዳም ለሰው ዕቃን በግራ እጅ መስጠት ነውር ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚነገረውም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀኝ እጅን የሚጠራው የመብያ እጅ ብሎ ነው።

መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። የሰው ልጆች በየአገራቸው ለቀኝ ክብርን ሰጥተዋል፤ እግዚአብሔርም ለሰዎች በሰዎች ቋንቋ ስለ ተናገረ፥ እነርሱ የክብር ስፍራ ብለው በሚያውቁት ስፍራ ስለ ክብር ነገራቸው። ከዚህ አልፎ ግራ በራሱ ርኩስ ነው ማለት ግራ እጃችንን የሠራውን ፈጣሪ መንቀፍ ነው። እስራኤልን ከሞዓብ ንጉሥ ለማዳን የተነሣው ናዖድ ግራኝ እንደ ነበረ መጽሐፈ መሳፍንት ይነግረናል። የአባቶቻችንም የጦር አሰላለፍ በዚህ ነገር መልካም ማስተዋል ነበረው፤ ቀኝ አዝማች ነበረ፥ ግራ አዝማችም ነበረ፤ ሁለቱም የማዕርግ ስሞች ነበሩ እንጂ አንዱ የምስጋና፥ ሌላው የስድብ ስም አልነበረም። ዳኛም ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም ሲባል፥ እውነት በአንድ ወገን ብቻ ታድራለች ብሎ አስቀድሞ አይወስን ማለት ነው። አሁንም በጉባኤዎቻችን መካከል ከቤት ሲወጡ የትኛውን እግር እንደሚያስቀድሙ የሚጠነቀቁ፥ ግራ እግር የቀደመበት ጉዞ አይቀናም ብለው የሚሰጉ አይጠፉም። ይህን የመሰለው ጥንቃቄ ከወንጌል የመጣ አይደለም፤ ቢቀር ይሻላል።

እንግዲህ የመንገድ ወገን ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ከፍጥረት ባሕርይም የተገኘ አይደለም። የሰው ሥርዐት ነው። ስለ ሰው ሥርዐት አባቶቻችን በ1530 እ.ኤ.አ. በአውግስበርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ፥ ያለ ኃጢአት ሊጠበቁ የሚችሉትንና ለሰላምና ለመልካም ሥርዐት የሚጠቅሙትን ልማዶች መጠበቅ እንደሚገባ፥ ነገር ግን መዳን በእነርሱ የሚገኝ ይመስል ሕሊናን ማስጨነቅ እንደማይገባ አስተምረዋል። እነርሱ የተናገሩት ስለ ቤተ ክርስቲያን ልማዶች ቢሆንም፥ ነገሩ ለመንገድም ይሠራል። በቀኝ ስለ ሄደ የጸደቀ ማንም የለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያውስ ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ግማሹን መንገድ ብቻ ሄዷል። ቀኝና ግራ በባሕርያቸው እኩል ናቸው፤ ሕዝብ ከተስማማ በኋላ ግን እኩል አይደሉም። ምክንያቱም በመንገድ ላይ የሚሄድ ሁሉ ለማያውቀው ሰው በዝምታ ቃል ገብቷል። በሊማሊሞ ወይም በጣርማ በር መታጠፊያዎች ላይ ሾፌሩ ከድንጋዩ ማዶ ያለውን ሳያይ ሲታጠፍ፥ የራሱንና የተሳፋሪዎቹን ነፍስ በማን ላይ ጥሎ ነው? ፊቱን ባላየው፥ ስሙን ባልሰማው፥ ከማዶ በሚመጣው ሰው ታማኝነት ላይ ነው። ያ ሰው መሐላ አልማለም፥ ውል አልፈረመም፤ ሆኖም ወገኑን ይጠብቃል ተብሎ ታምኗል። ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. በጻፈው ትንሹ ካቴኪዝም ላይ አትግደል የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ፥ ባልንጀራችንን በሥጋው ከመጉዳት መከልከል ብቻ ሳይሆን በሥጋዊ ችግሩ ሁሉ መርዳትም እንደሚገባን ያስተምራል። የመንገድን ወገን መጠበቅ የሚገባው በዚህ ትእዛዝ ሥር ነው እንጂ በመዳን ትምህርት ሥር አይደለም።

ስለዚህ ያ የስዊድን ምእመን በዚያች እሑድ ጧት በግራ ቢነዳ ኖሮ፥ ለእውነት የቆመ ሰማዕት ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ በሆነ ነበር። በዚህ ነገር ብቻውን ትክክል የሚሆን ሰው የለም። ሐሳቡን በምርጫ ጊዜ ተናግሯል፥ በጋዜጣም ሊከራከር ይችላል፤ መሪውን ሲይዝ ግን ከባልንጀራው ጋር መሄድ አለበት። ክርስቲያን በእምነቱ ከሁሉ በላይ ነፃ ነው፥ በፍቅሩም ለሁሉ ባሪያ ነው ተብሎ የተማርነው ትምህርት ከዚህ ይልቅ የተገለጠበት የዕለት ተዕለት ሥራ እምብዛም አይገኝም።

አንዳንዱ ግን በዚህ ይሰጋል፤ መቀበልም የሚገባው ስጋት ነው። ሕዝቡ በሄደበት መሄድ፥ የታዘዘውን ወገን መያዝ፥ ሰውን ሎሌ አያደርገውምን? ለዚህ መልስ የሚሰጥ በካምፓላ መካከል አንድ ጎዳና አለ፤ ሉዉም ጎዳና ይባላል። እጅግ የተጨናነቀ የገበያ መንገድ ነው፤ በዚያ የሚጋፋው ሕዝብ ሁሉ ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል። ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዑጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሪ ነበሩ። በየካቲት ወር 1977 እ.ኤ.አ. ከጳጳሳቱ ጋር ሆነው የኢዲ አሚን ወታደሮች በሕዝቡ ላይ የሚፈጽሙትን ግድያና ግፍ በመቃወም ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ተያዙ፥ ተገደሉም። መንግሥትም ሊቀ ጳጳሱና አብረዋቸው የተያዙት ሁለት ሚኒስትሮች በመኪና አደጋ ሞቱ ብሎ አስነገረ። ገዳዮቹ ወንጀላቸውን የሸፈኑት በመንገድ ላይ አሳብበው ነበር። በእኛም አገር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም.፥ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ።

እነዚህ አባቶች ለሥርዐት የማይገዙ ሁከተኞች አልነበሩም። ግብር ከፍለዋል፥ ለባለ ሥልጣን ተገቢውን ክብር ሰጥተዋል፥ እንደ ማንኛውም ሰው በተፈቀደው ወገን ሄደዋል። እምቢ ያሉት የንጹሕን ደም በሚያፈስሰው ነገር ብቻ ነበር። በ1577 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የስምምነት መግለጫ በዐሥረኛው አንቀጽ የሚያስተምረውም ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ነፃ የሆኑ ነገሮች በሰላም ጊዜ ነፃ ናቸው፤ እምነትን ለማስካድ በግድ ሲጫኑ ግን በእነርሱም ቢሆን አንገዛም። የቀኝና የግራን ነገር ከዚህ ጋር የሚያምታታ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ በትንሹ ነገር እልኸኛ፥ በትልቁ ነገር ፈሪ ይሆናል። በትራፊክ መብራት ፊት ጀግና፥ በግፈኛ ፊት ዝምተኛ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በዚያው በካምፓላ ከሉዉም ጎዳና ብዙ ሳይርቅ፥ በመንጎ፥ ስለ ኩራት የሚያስተምር ሌላ ስፍራ አለ። የቡጋንዳ ምክር ቤት ከሚሰበሰብበት ከቡላንጌ ተነሥቶ ሉቢሪ ወደሚባለው ቤተ መንግሥት የሚደርስ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። በመካከሉ ክብ አደባባይ ተሠርቶበታል። ሕዝቡ ሁሉ አደባባዩን ዞሮ ያልፋል፤ ካባካው ግን አይዞርም። ንጉሥ መንገዱን አይጠመዝዝም ተብሎ በአደባባዩ መካከል መተላለፊያና በር ተበጅቶለታል፥ እርሱ ሲመጣ ይከፈትለታል። ስፍራውም ናንታዌትዋ ይባላል። ይህን የሕዝብ ልማድ አንነቅፈውም፤ ሁሉ ያውቀዋል፥ በሩም ይጠበቃል፥ ማንም አይጎዳበትም። የሚያሳዝነው በየከተማችን በር ያልተሠራላቸው ካባካዎች መብዛታቸው ነው። ጥሩምባውን እየነፋ በማይገባው ወገን የሚመጣው ባለ ትልቅ መኪና፥ ሰልፍ አይቶ እንዳላየ የሚሆነው ባለ ሥልጣን፥ ተሳፋሪ እንዳያመልጠው እግረኛው መንገድ ላይ የሚወጣው ባለ ሞተር ብስክሌት፥ ካምፓላዎች ቦዳ ቦዳ የሚሉት፥ እያንዳንዱ በልቡ አንድ ናንታዌትዋ ሠርቷል። በእውነት ንጉሥ የሆነው ጌታ ግን በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኸውን ዕውር በርጤሜዎስን ሰምቶ ቆመ። ሕዝቡ ዝም በል እያለ ይገሥጸው ነበር፤ ንጉሡ ግን ጉዞውን አቋረጠ።

እስካሁን የተናገርነው እኩል ስለ ሆኑ መንገደኞች ነው። የወገን ሥርዐት ለእኩዮች መልካም ነው። ሁለቱ መንገደኞች እኩል ባልሆኑ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የደጋው ገበሬም ይህን ያውቀዋል። በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፥ ማን በቀኝ ማን በግራ ይለፍ ተብሎ አይጠየቅም። ሸክም የሌለው ሸክም ላለበት ይለቃል፤ ልጅ ለሽማግሌ ይለቃል፤ በበቅሎ የሚሄደውም ትልቅ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል። በበር ላይማ «እርስዎ ይቅደሙ፥ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ከኋላችን ያለው ሰው እስኪሰለች ድረስ እንቆማለን። ያው ሰው ወደ ከተማ ሲወርድ ግን ይህን ሁሉ በኬላው ላይ ጥሎት የሚገባ ይመስላል፤ እንስራ ያዘለችውን ገፍቶ፥ ዘንግ የያዘውን ዕውር ታክኮ ያልፋል። ወገኑን የያዘ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛዋ እርስዋ ናት ይላል።

በካምፓላ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር በእግረኛ መንገድ ላይ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡትን ሰዎች አስነሣ። እግረኛው እየተገፋ ወደ መኪናው መንገድ ይወርድ ነበርና፥ ለእርሱ መንገዱ ተመለሰለት። በዚያው ቀን ግን ሙዝና ልብስ ሸጣ ልጆችዋን የምታበላው ሴት ስፍራዋን አጣች። የእኛም ከተሞች ይህንኑ ያውቁታል። የእግረኛው መብት እውነተኛ መብት ነው፤ ሕይወቱ ነውና። የሴቲቱም ረሃብ እውነተኛ ረሃብ ነው። በዚህ ላይ በአንድ ቃል የሚፈርድ ሰው ከሁለቱ አንዱን አላየም። ሆኖም መንገዱ የጠራለት ክርስቲያን፥ እፎይ ብሎ ከማለፉ በፊት፥ ከዚህ ተነሥታ ወዴት ሄደች ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ጉባኤውም ከሚሰበስበው መባ ለእንደ እርስዋ ያሉት አንድ ነገር ቢመድብ ከመንገዱ ጥራት ያነሰ ሥራ አይሆንም።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በወረደው መንገድ ላይ ካህኑና ሌዋዊው ያደረጉትን እናስታውስ። የተደበደበውን ሰው አይተው ወደ ሌላው ወገን ፈቀቅ ብለው አለፉ። የመንገድ ሥርዐት አላፈረሱም፤ ማንንም አልገፉም፤ ዛሬ ቢሆን ፖሊስ አንድም ነገር ባላገኘባቸው ነበር። ወገን መያዝ ባልንጀራን ለማዳን እንደሚሆን ሁሉ፥ ባልንጀራን ላለማየትም ይሆናል። ሳምራዊውም የሄደው ሰውየው ወደ ወደቀበት ወገን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ እንዲሄድ የመንገድ ደንብ ያስተምራል። መኪና በቀኝ በሚሄድበት በእኛ አገር እግረኛው ግራውን ይይዛል፤ መኪና በግራ በሚሄድበት በዑጋንዳ ደግሞ ቀኙን ይይዛል። በብዙ ጉባኤዎች ከማታ ጸሎት በኋላ ምእመናን እየተጨዋወቱ፥ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፥ ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው ይሄዳሉ። በቀብር ጊዜም መዘምራንና ሕዝቡ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሽማግሌዎች ስለዚህ ከመሰናበቻው በረከት በፊት አንድ ቃል ቢናገሩ፥ አንዱም ፋኖስ ወይም ባትሪ ይዞ በፊት፥ ሌላውም በኋላ ቢሄድ መልካም ነው። ነቢዩ ዮናስ በነነዌ ላይ በተቆጣ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በከተማዪቱ መኖራቸውን ነገረው። በየጉባኤያችንም እንደዚህ ያሉ ልጆች አሉ። ከእነርሱ ጋር የሚሄድ አባት ወይም እናት ልጁን በዳር በኩል ያድርግ፥ እጁንም ይያዝ፤ መኪናው በሚያልፍበት በኩል ራሱ ይሁን።